ያየ ዐይን፣ የጻፈ እጅ

በምሥራቅ አፍሪካ የቅድመ ታሪክ ምርምር ውስጥ ስሙ እምብዛም የማይነሣ አንድ ሙያ አለ፤ በጠራራ ፀሐይ ተዳፋቱን እየቃኙ አጥንትን ከጠጠር መለየት። ይህ ሙያ ከንባብ ይልቅ ከዐዋቂ ጋር አብሮ በመሄድ ይቀሰማል።

ኬንያዊው ካሞያ ኪሜው ሙያውን የተማሩት በዚሁ መንገድ ነበር። ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ ትምህርት ይዘው እ.ኤ.አ. በ1960 በኦልዱቫይ ሸለቆ በሊኪ ቤተሰብ ቁፋሮ በጉልበት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በሜሪ ሊኪ ሥር ዐይናቸው ሠለጠነ። በ1967 ከሪቻርድ ሊኪ ቡድን ጋር ወደ ኢትዮጵያ ዘልቀው፣ በኦሞ ኪቢሽ «ኦሞ 1» የተባለውን የሆሞ ሳፒየንስ ቅሪት አገኙ። በ2022 የወጣ ጥናት ዕድሜውን 230 ሺህ ዓመት ገደማ አድርሶታል። በ1984 ደግሞ ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ ከጠጠር የማትለይ የራስ ቅል ስባሪ አዩ፤ ስባሪዋም 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደሚሆነው «የቱርካና ልጅ» መራች። የፈላጊዎችን ቡድን ሲመሩም ያን ዐይን በተራቸው ለታናናሾቻቸው አስተላልፈዋል።

ዳሩ ግን በ1985 «ኔቸር» መጽሔት ግኝቱን ሲያበስር ከአራቱ ጸሐፍት መካከል የካሞያ ስም አልነበረም። በዚያው ዓመት ከፕሬዚዳንት ሬገን እጅ ሜዳልያ ተቀብለዋል፤ የክብር ዶክትሬት ያገኙት ግን በ2021፣ ከማረፋቸው አንድ ዓመት በፊት ነው። መካሪዎቻቸው ማየትን አስተማሯቸው፤ ብዕሩን ግን አላስጨበጧቸውም።

በኢትዮጵያ በኩል ሌላ መንገድ ተከፈተ። በበርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት ዴዝሞንድ ክላርክ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲማሩ ረዱ። ከእነዚህ አንዱ ዶክተር ብርሃኔ አስፋው ናቸው፤ በ1999 አውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ ለዓለም ሲተዋወቅ የጽሑፉ ቀዳሚ ጸሐፊ ሆኑ። በ2001 ደግሞ የበርክሌይ ምሩቅ የሆኑት ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በመካከለኛው አዋሽ ያገኟቸውን፣ ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ቅሪቶች ብቻቸውን ጽፈው በ«ኔቸር» አሳተሙ።

በካሞያና በእነዚህ ምሁራን መካከል ያለው ርቀት የዐይን ብቃት ልዩነት አልነበረም፤ ልዩነቱን የፈጠረው መካሪው የከፈተው በር ነው። ዛሬ ጀማሪ ባለሙያን ወደ ቁፋሮ የሚወስድ ሁሉ ሁለት ዕዳ አለበት፦ አጥንቱን ማሳየትና ወጣቱ ያየውን በገዛ ስሙ እንዲጽፍ ማብቃት። ሁለተኛው ሲቀር ግኝቱ ለዓለም ይተርፋል፤ ያገኘው ሰው ግን ከታሪኩ ይጎድላል።