ሐረማያ ሐይቅ

ሐረማያ (ቀድሞ ዓለማያ) በምሥራቅ ሐረርጌ ዞን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ለሐረር፣ ለሐረማያና ለአወዳይ ከተሞች የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. ግድም ሙሉ በሙሉ ደረቀ።

ለመድረቁ ዋናው ምክንያት የሰው እጅ ነው። በዙሪያው ያሉ ኮረብቶች ደናቸውን ሲያጡ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ሐይቁን በደለል ሞላው፤ ጥልቀቱ ሲቀንስ ደግሞ ፀሐይ ውኃውን በቀላሉ ታተነው ጀመር። የሙቀት መጨመርም ትነቱን አባባሰው። በዚያ ላይ የከተሞቹ ፍጆታና የጫት፣ የድንችና የሽንኩርት መስኖ ተደራረቡበት። ጫቱ በአወዳይ ገበያ በኩል እስከ ጂቡቲና ሶማሌላንድ ስለሚሸጥ፣ የሐይቁ ውኃ በከፊል በቅጠል መልክ ድንበር ተሻግሯል ማለት ይቻላል። ገበሬው የሞተር ፓምፑን ከዳር ተክሎ ቱቦውን ወደ ማሳው ይዘረጋ ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ ቱቦውን አስረዘመ፤ ሲደርቅ ደግሞ የሐይቁን ወለል ቆፍሮ ጉድጓድ አወጣ። በቀረው ሜዳ ላይ ከብቶች ተሰማሩ።

ጉዳቱ ግን እኩል አልተከፈለም። ሐረር ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች፣ ሽቅብ በፓምፕ በሚገፋ መስመር ውኃ አገኘች። ዓሣ አጥማጆችና በሐይቁ ዳር የነበሩ አነስተኛ ገበሬዎች ይህን የመሰለ አማራጭ አልነበራቸውም።

በቅርብ ዓመታት በተፋሰሱ የእርከንና የችግኝ ተከላ ሥራ ተካሂዶ፣ ጥሩ ዝናብም ታክሎበት ውኃው በከፊል ተመልሷል። የመስኖ ፍጆታው ልክ ካልተበጀለት ግን ዳግም ሊደርቅ ይችላል።