የከሚሴው ሻይ ቤት ሁለት ሳጥኖች

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት 325 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከሚሴን መሐል ለመሐል ይሰነጥቃታል። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከአስፋልቱ ዳር ሾፌርና ረዳት የማይጠፋበት አንድ ሻይ ቤት ነበር። ከባንኮኒው በላይ መደርደሪያ ላይ አንድ የእንጨት ሳጥን ተቀምጧል፤ መንታው ደግሞ በረንዳው ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ስቴሪዮ የሚሉትን ነገር ለሁለት ገምሶ ግማሹን ለውስጥ፣ ግማሹን ለውጭ አድሎት ነበር። ከበሮውን የፈለገ ይገባል፣ ሳክስፎኑን የፈለገ በረንዳ ይቀራል። እኛ ልጆቹ ከፍለን ስለማንጠጣ ዕጣችን በረንዳው ነበር።

እነዚያ ስፒከሮች የማን ሥራ ነበሩ? ጥያቄው የተነሣው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በዓል ስናሳልፍ ነው። እኔ የማስታውሰው ፊታቸው በቀጭን የእንጨት ጥልፍልፍ መሸፈኑን ነው፤ የመስጊድ መስኮት ይመስላል። ወንድሜ ግን ጥቁር ጨርቅ ነበር ብሎ ይምላል። «አንተ ያኔ ጡት የጣልክ ሰሞን ነበርክ» አለኝ፤ ክርክሩን የሚዘጋው ሁልጊዜ በዚህ ነው። የተስማማንበት ነገር አንድ ብቻ ነበር። ከታች በቀኝ በኩል ወርቃማ ጽሑፍ አለ፣ የመጀመሪያው ፊደል ደግሞ ሆዱን ወደ አንድ ጎን የገፋ «ቀ» ይመስላል። ላቲን ስንማር የገባን ፊደሉ ፒ መሆኑ ነው።

ፒ ብዙ አይረዳም። ፊሊፕስም፣ ፓዮኒርም፣ ፓናሶኒክም በላቲን የሚጀምሩት በዚሁ ፊደል ነው። ፓናሶኒክን ቶሎ ጣልኩት፤ የዚያ ኩባንያ ዕቃ ያኔ በአገራችን የሚታወቀው ናሽናል በሚለው ስሙ ነው። የቀሩት የሆላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ፓዮኒር ናቸው።

ሳጥኑ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ራሱ የዕድሜ ምስክር ነው። ወፍራሙን ድምፅ ከነክብደቱ ለማውጣት ድሮ ቁም ሳጥን የሚያህል ሣጥን ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር አኩስቲክ ሪሰርች በተባለው ድርጅቱ በኩል ሌላ መላ አመጣ። ሣጥኑን አየር እንዳያስገባ አድርጎ ዘጋውና በውስጡ የታፈነውን አየር እንደ ሞላ ተጠቀመበት። ትንሽ ሣጥን ትልቅ ድምፅ ማውጣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ የከሚሴዎቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ አይመስሉኝም።

የእኔ ልብ ወደ ፓዮኒር አደላ። ምክንያቱ ጥልፍልፉ ነው። ጃፓኖች ቀጫጭን እንጨት ያለ ሚስማር እያሰናሰሉ የሚሠሩት ኩሚኮ የሚባል ጥንታዊ የእጅ ጥበብ አላቸው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓዮኒርና ሌላው የጃፓን ኩባንያ ሳንሱዊ የስፒከሮቻቸውን ፊት በዚሁ ዘዴ ያስጌጡ ነበር። ዋነኞቹ ገዢዎች በውጭ አገር ጦር ሰፈር የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው፤ በጦር ሰፈሩ ሱቅ ያለ ቀረጥ ይገዙና ወደ አገራቸው ይልካሉ። አሰባሳቢዎች ዛሬ «ካቡኪ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። እና የአሜሪካ ጦር ሰፈር እኛ አገርም ነበር፤ አሥመራ የነበረው ቃኘው ጣቢያ። በኮሪያ የዘመተው ሻለቃችን የተሸከመው ስም፣ በመነሻው የራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ለአሜሪካኖቹ የሬዲዮ መገናኛ ጣቢያ ተሰጠ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1977 በደርግ ትእዛዝ ሲዘጋ ወታደሮቹ ጓዛቸውን ጠቀለሉ። አንዱ የጠቀለለውን ሳይጭን ሸጦት ሄዶ ይሆናል አልኩ። ታሪኩ አምሮብኝ ነበር። አሥመራ የተገዛ ስፒከር፣ በመቀሌና በወልድያ አድርጎ፣ ደሴ አድሮ፣ ከሚሴ ሻይ ቤት።

ወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀ። «ለምን አሥመራ ድረስ ትሄዳለህ? አሰብ እያለ።»

እዚህ ላይ ሐቅ አለው። የዛሬው ወጣት ዕቃ ሁሉ ከጅቡቲ የሚመጣ ይመስለዋል። ያኔ ግን ትልቁ የአገሪቱ በር አሰብ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው የአሰብ መንገድ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በሚሌ፣ ከዚያ በባቲ ሽቅብ ወጥቶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። አሰብ ላይ የነዳጅ ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ሲጀምር ቦቴው እየተከታተለ በዚሁ መስመር ፈሰሰ። (ባቲን ብዙ ሰው የሚያውቃት በቅኝቷ ነው፤ እኛ ግን በሰኞ ገበያዋና ራስ በሚያዞረው ቁልቁለቷ።) ከሰሜን የመጣውም፣ ከባሕር የመጣውም ኮምቦልቻ ላይ ይገናኝና ወደ አዲስ አበባ በአንድ አስፋልት በከሚሴ ያልፋል። ሾፌር ከጋቢናው ወንበር ጀርባ ያልደበቀው ዕቃ አልነበረም፤ ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ ሽቶ፣ ቴፕ። መንገዱ እንግዲህ በሁለታችን መካከል አልፈርድ አለ። ለወንድሜም ለእኔም ይመሰክራል።

ስለ ፊሊፕስ ያለኝ መረጃ ግን እየከበደ መጣ። ፊሊፕስ ኢትዮጵያ ዕቃ ሻጭ ብቻ አልነበረም፤ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን በሸክላ ያሳተመም ነው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሪከርድስን ከፍቶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ካወጣ በኋላ በገበያው ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ይኸው ኩባንያ ነበር። በኋላ ሸክላን ከገበያ ያስወጣውን ካሴትም እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያስተዋወቀ ራሱ ፊሊፕስ ነው። ሸክላውን የሚያሳትመው፣ ማጫወቻውን የሚሸጠው፣ ካሴቱን የፈለሰፈው አንድ ስም ከሆነ ስፒከሩስ ለምን የሌላ ይሆናል?

ባለፈው ዓመት ከሚሴ ስሄድ ሻይ ቤቱ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ነገር ግን የዚያን ዘመን ሬዲዮ ጠጋኝ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው አልደከመም። ጉዳዬን ስነግራቸው ብዙም ሳይገርማቸው ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ሳቡ። ከሬዲዮ ቆዳና ከሽቦ ክምር መካከል አንድ ስፒከር ወጣ፤ ጎማው ተቦጫጭቋል፣ ወረቀቱ ግን ደህና ነው።

«ይኸው አንዱ። ባለቤቱ ሲሞት ልጆቹ ሣጥኑን ለማገዶ ፈለጡት፤ ይቺን እኔ አስቀረሁ።»

«ይሠራል ጋሼ?»

መልስ አልሰጡኝም። አንድ ባትሪ ድንጋይ አንሥተው በሁለት ሽቦ የስፒከሩን ጆሮዎች ነካ አደረጓቸው። ወረቀቱ ወደ ፊት ተገፍቶ «ቷ» አለ። ፈገግ አሉና ደግመው ነኩት፣ በኦሮምኛ እየቆጠሩ፤ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ»። በቴስተር ሲለኩት 6.8 ኦም አሳየ። ሽቦው ብቻውን ሲለካ ሁልጊዜ ከስሙ ዝቅ ስለሚል ይህ ባለ 8 ኦም ነው ማለት ነው። የአሜሪካ ቢሆን ከማግኔቱ ጀርባ በቁጥር የተመታ ማኅተም ልናገኝ እንችል ነበር፤ ፊተኞቹ ቁጥሮች ፋብሪካውን፣ ኋለኞቹ ዓመቱንና ሳምንቱን ይነግራሉ፤ 220 ካለ ጄንሰን፣ 328 ካለ ዩታ። እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያለው ግማሹን ብል የበላው የወረቀት ምልክት ነው። አጉሊ መነጽር አስጠጋሁ። ኤ፣ ዲ፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ ምንም።

ኤዲ የፊሊፕስ ስፒከሮች መለያ ነው፤ ተከትሎት የሚመጣው ቁጥር ስፋቱን በኢንች ይናገራል። 5 ሲሆን አምስት፣ 10 ሲሆን አሥር። በማስመሪያ ለካሁት፤ 20 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ። ስምንት ኢንች ማለት ነው።

የቃኘው ታሪኬ እዚያው ካርቶን ውስጥ ተቀበረ። ጥልፍልፉስ? አፍሬ ጠየቅኋቸው፤ ሕልም አይቼ እንደሆነ ብዬ።

«ጨርቁ ነበር ጥቁር። አይጥ በላው። ባለቤቱ ‹ዐይናቸውን ሸፍንልኝ› ቢለኝ አናጺ ዘንድ ወስጄ በእንጨት አሠራሁለት። አናጺው የመስጊድ መስኮት ይሠራ ነበርና ሌላ መልክ አያውቅም።»

ወንድሜ ጨርቁን ያየው ከኔ በፊት ነው፤ እኔ ጥልፍልፉን ያየሁት ከእሱ በኋላ። ሁለታችንም አልዋሸንም። ማታውኑ ስልክ ደውዬ ነገርኩት፤ ‹‹ፊሊፕስ ነው ብዬህ ነበር›› ብሎ ዘጋው፤ ብሎኝ አያውቅም።

ፍርዴን ከነገደቡ ላስቀምጥ። ፊሊፕስ ስፒከሩን ሳጥን አልባ አድርጎም ለሌሎች ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። ስለዚህ በእርግጠኝነት የምናገረው ስለ ሆዱ ነው እንጂ ስለ ሳጥኑ አይደለም፤ ወርቃማዋን ፒ ከቆጠርን ግን ሳጥኑም የዚያው ቤት ይመስለኛል። የመንታው፣ የበረንዳው፣ ዕጣ ፈንታ አልታወቀም፤ እሳቸውም «አንድ ሾፌር ገዝቶት ሄደ» ከማለት በቀር አያስታውሱም።

ከሚሴም ሆነ ባቲ፣ ሰንበቴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ በቤታችሁ ጥግ አቧራ የለበሰ የእንጨት ሳጥን ያላችሁ አንባቢዎች፣ ቆራሌው በር ላይ ሳይጠራ በፊት አንድ ጊዜ ጀርባውን አዙራችሁ አንብቡት።