ኩፍር፣ ክህደት፣ ካርቱን

ዶካ ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ዙሪያዋን ሰሊጥና ማሽላ የከበባት የሱዳን ከተማ ናት። ከእኛ ቆላ ለአጨዳ የሚሻገር ያውቃታል። በአቅራቢያዋ ባለው ኡም ራኩባ መጠለያ በ1977ቱ ረሃብ፣ ቆይቶም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራዩ ጦርነት የተሰደዱ ወገኖቻችን ሰፍረውበታል። ራኩባ በሱዳን ዐረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው። አማርኛና ዐረብኛ በየቀኑ በሚገናኙበት በዚህ አገር አፍ ላይ ቀለው፣ ፍርድ ቤት ሲገቡ ግን ነፍስ የሚያጠፉ ቃላት አሉ። ከነዚህ አንዱ ካፊር ነው።

የካፊር ሥር «ከ-ፈ-ረ» ሲሆን ጥንታዊ ፍቺው መሸፈን ነው። ዘሩን አፈር የሚያለብስ ገበሬ በድሮው ዐረብኛ ካፊር ይባል ነበር። በቁርኣን 57ኛ ምዕራፍ በሱረቱል ሐዲድ፣ 20ኛው አንቀጽ ላይ «ኩፋር» የሚለውን ቃል ብዙዎቹ ተርጓሚዎች «ገበሬዎች» ብለው የፈቱት ለዚህ ነው። እውነትን ወይም የአምላክን ውለታ የሸፈነ ሰው በዚሁ ቃል መጠራቱ ከዚያው የመጣ ነው። ኩፍር የሰውየው ሥራ ስም ነው፤ ተክፊር ደግሞ ሌላውን ሰው «ካፊር ነህ» ብሎ መፈረጅ ነው። አደጋው ያለው በሁለተኛው ነው።

የእኛ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ግን በ29ኛው አንቀጽ ሐሳብን «የመያዝና የመግለጽ» መብት ይላል። ገለጸ እና ገለጠ የአንድ ግንድ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። መጽሐፍ ይገለጣል፣ ፊት ይገለጣል፣ ምሥጢር ይገለጣል፣ ሐሳብ ይገለጻል። ዐረብኛው ክፋቱን በመሸፈን፣ አማርኛው መብቱን በመግለጥ ሰይሞታል። «መያዝ» የሚለውም በከንቱ አልገባም። ያልያዘውን ነገር ማንም ሊክድ አይችልምና።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ነገር የገዳሪፍን ተወላጅ ማርያም ያሕያ ኢብራሂምን ለሞት አድርሷት ነበር። እናቷ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ፣ አባቷ ሱዳናዊ ሙስሊም ናቸው። አባቷ በልጅነቷ ትቷቸው ስለሄደ በእናቷ እምነት አደገች። ሐኪም ሆነች፤ ክርስቲያን አገባች። የካርቱም ፍርድ ቤት ግን የሙስሊም ልጅ ሙስሊም ነው ብሎ ሦስት ቀን ሰጣት፤ «አልመለስም» ስትል እ.ኤ.አ. በሜይ 15 ቀን 2014 በሪዳ፣ ማለትም ሃይማኖትን በመካድ፣ በስቅላት እንድትሞት ፈረደ። ጋብቻዋን ዝሙት አድርጎ ስለቈጠረውም 100 ጅራፍ ጨመረባት። በዚያው ወር በኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት እግሯ በሰንሰለት እንደታሰረ ሴት ልጅ ወለደች። በሰኔ ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረው፤ በሐምሌ በጣልያን በኩል ከሱዳን ወጣች።

የማርያም መከላከያ አንድ ነበር፦ «እኔ ሙስሊም ሆኜ አላውቅም»። በአማርኛ ቢነገር የካደች ሳትሆን ያልያዘች ናት። ካደ በግእዝ ክሕደ ነው፤ በዕብራይስጥም መሸሸግና መካድ የሚል ፍቺ ያለው ዘመድ አለው። በእኛ አፍ አደራ ይካዳል፣ ብድር ይካዳል፣ ባልንጀራ ይካዳል። ሁልጊዜ አስቀድሞ የተሰጠ፣ የተያዘ ነገር አለ። በፍርድ ቤቶቻችን ተከሳሽ ቆሞ የሚሰጠው «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። እዚያ እምነት ማለት «አድርጌያለሁ» ማለት፣ ክህደት ማለት «አላደረግሁም» ማለት ነው። ዳኛው ሁለቱንም በእኩል ጆሮ ሊሰማ ይገባዋል፤ ክህደት የተከሳሹ መብት እንጂ ወንጀል አይደለም። ቃሉ በእኛ ችሎት ይህን ያህል ሰው የሚያከብር ሆኖ ሳለ፣ በዚያኛው ችሎት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ዝም ብላ እምነቷን በመያዟ ብቻ «ከሃዲ» ተባለች።

ከሷ 29 ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 18 ቀን 1985፣ ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ በዚሁ በሪዳ ተፈርዶባቸው በካርቱም ሰሜን በኮበር እስር ቤት ተሰቀሉ። የሪፐብሊካን ወንድሞች የተባለው ንቅናቄ መሥራች የነበሩት እኚህ አዛውንት የተከሰሱት የፕሬዚዳንት ኒሜሪን የሴፕቴምበር 1983 የሸሪዓ ሕጎች በነቀፈች አንዲት በራሪ ወረቀት ነበር። ወንበዴ አልነበሩም፣ ሰይፍ አላነሡም፤ ያነሡት ብዕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሱዳን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ውድቅ አደረገው። ለተሰቀለ ሰው የሚደርስለት ይግባኝ የለም።

ወረቀት ራሱ ከዐረብኛ የተቀበልነው ቃል ነው፤ «ወረቃ» ቅጠል ማለት ነው። ከሱ የሚበልጥ ታሪክ ያለው ግን ሌላው የወረቀት ስም ነው። ግሪኮች የፓፒረሱን ገጽ «ኻርቴስ» አሉት። ቃሉ ወደ ምሥራቅ ሄዶ በዐረብኛ ቂርጣስ፣ በግእዝ ክርታስ ሆነ፤ ቂርጣስ ቁርኣን ውስጥ ሳይቀር አለ። ወደ ምዕራብ ሄዶ በላቲን ካርታ፣ በጣልያንኛ ካርታና ካርቶኔ ተባለ። ካርቶኔ ወፍራም ወረቀት ነው፤ እቃ የምናሽግበት ካርቶን ከዚያ መጥቷል። የጣልያን ሠዓሊዎች የግድግዳ ሥዕላቸውን ንድፍ በዚህ ወፍራም ወረቀት ላይ ይሠሩ ነበርና ንድፉም በወረቀቱ ስም ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1843 በለንደን ለአዲሱ ፓርላማ ግድግዳ የቀረቡ ንድፎች ሲታዩ «ፓንች» የተባለው መጽሔት በጆን ሊች እጅ የተሣለ የፌዝ ሥዕል አውጥቶ ካርቱን ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ ካርቱን የሚያስቅና የሚወጋ ሥዕል ማለት ሆነ። ስለዚህ ቅዱስ ቃል የተጻፈበት ክርታስ፣ የቤታችን ካርታ፣ የሳሙናው ካርቶንና ዓለምን ያነደደው ካርቱን ሥራቸው አንድ ነው።

ያነደደው ካርቱን መቼም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 30 ቀን 2005 ዩላንድስ ፖስተን የተባለው የዴንማርክ ጋዜጣ ስለ ነቢዩ መሐመድ 12 ሥዕሎች አወጣ። በ2008 የዴንማርክ ጋዜጦች አንዱን ደግመው ሲያትሙት የሱዳኑ ፕሬዚዳንት በሺር የዴንማርክ ሸቀጥ ወደ ሱዳን እንዳይገባ አዘዙ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ነቢዩን የሚያዋርድ ፊልም ሰበብ ሆኖ በካርቱም የጀርመን ኤምባሲ ተቃጠለ። ከዚያ በፊት በ2007 እዚያው ሱዳን አንዲት እንግሊዛዊት መምህርት ተማሪዎቿ የድብ አሻንጉሊታቸውን መሐመድ ብለው ስለሰየሙ ሃይማኖትን በመስደብ ተከሰው 15 ቀን እስር ተፈረደባቸው፤ በምሕረት ወጡ። እዚህኛው ጉዳይ ላይ ሥዕልም፣ ፌዝም፣ ክፉ ሐሳብም አልነበረም። ልጆች ነበሩ፣ የሚወዱትም ስም ነበር።

ይሁንና ቁጣውን ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ ለአማርኛ ተናጋሪ አይገባውም። የእኛው ቃላት ይመሰክራሉና። ተሳለቀ፣ ስላቅ ከግእዝ የመጣ ነው። የግእዙ ወንጌል ወታደሮቹ በክርስቶስ ያደረጉትን ሲናገር ይህንኑ ቃል ያነሣል፤ የአማርኛው ደግሞ «ዘበቱበት» ይላል። ዛሬ «ዘበት ነው» ስንል የማይሆን ነው ማለታችን ነው፤ ግሱ ግን ያው በእሾህ አክሊሉ ቀን የተነገረው ዘበተ ነው። በሰሙነ ሕማማት ስግደት ላይ የቆመ ክርስቲያን ስላቅ ምን እንደሚያቆስል ያውቃል። እንግዲያው የጎረቤቱ ነቢይ ሲዘበትበት ሕመሙ ሊገባው ይገባል። ለሙስሊሙ ቁስሉ እጥፍ ነው፤ ነቢዩን መሣሉ ራሱ አንድ፣ ለፌዝ መሣሉ ሁለት።

ነገሩን ያደባለቀብን ሌላ ቃል አለ። ግእዝ በአምላክ ላይ ለሚሰነዘር ክፉ ቃል ፅርፈት የሚል ለብቻው የቆመ ስም አለው፤ ግሱ ፀረፈ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዚያ ቦታ ስድብ፣ ተሳደበ ይላል። ይህ ትርጉም ቀላል ነው፤ ሁሉም ይረዳዋል። ዋጋው ግን ከባድ ሆኗል ብዬ አምናለሁ። ስድብ ሰው በሰው ላይ የሚያወርደው ነው፤ ክብሩ የተነካ ሰው ከሶ ካሣ ይጠይቃል። ፅርፈት ከአምላክ ጋር የሚደረግ ጉዳይ ነው፤ ዳኛውም አምላክ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ስንጠራቸው ሃይማኖት እንደ አንድ ግለሰብ ከሳሽ ሆኖ ችሎት ይቆማል፤ ቀበሌው፣ ፖሊሱ፣ መንገደኛውም ስለ አምላክ የሚበቀል ጠበቃ ይሆናል።

ደፈረም እንደዚሁ ነው። በግእዝ ደፈረ መጨከን፣ ወደ ኋላ አለማለት ነው። በአማርኛ ደፋር ለእውነት የሚናገር ሰው ሊሆን ይችላል፤ ዓይኑን በጨው ያጠበም ሊሆን ይችላል። ድንበር ይደፈራል፣ መቅደስ ይደፈራል፣ ሴት ትደፈራለች። ጋዜጠኛ ደፍሮ ሲጽፍ እናመሰግነዋለን፤ ካርቱኒስት በቅዱስ ነገር ላይ ሲደፍር በዚያው ቃል እንኮንነዋለን። የቃሉ ጥቃት ከቶ እንደ ዋዛ አይታይም። በየካቲት 2003 ዓ.ም. ጅማ አጠገብ በአሰንዳቦ «ቁርኣን ተደፈረ» የሚል ወሬ ተነሥቶ በአካባቢው ብዙ የጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ፤ ሺህዎች ተፈናቀሉ። ለዚያ ሁሉ እሳት አንዲት ወሬ በቃች።

ሱዳን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 ከ1991ዱ የወንጀል ሕጓ ስለ ሪዳ የሚናገረውን 126ኛውን አንቀጽ ሰረዘች። ሃይማኖትን ስለ መስደብ የሚናገረው 125ኛው ግን ቀረ። የእኛም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በዚህ ጉዳይ ሁለት አንቀጾች አሉት። 492 የአምልኮ ሥርዓትን የሚረብሸውን፣ የጸሎት ቦታን ወይም ሥዕልንና ንዋየ ቅድሳትን የሚያረክሰውን በመቀጮ ወይም እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስር ይቀጣል። ይህ ትክክል ነው፤ የሚጸልይ ሰው በሰላም ሊጸልይ ይገባዋልና። 816 ደግሞ በአደባባይ በቃል ወይም በምልክት በሃይማኖት ላይ የሚያፌዘውን በመቀጮ ወይም እስከ 1 ወር በሚደርስ እስር ይቀጣል። ይኸኛው ሊወጣ ይገባል። በሰዎች ላይ በሃይማኖታቸው ምክንያት ጥቃት የሚቀሰቅሰውን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ስለሚይዘው፣ 816 የሚጨምረው ፅርፈትን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ማምጣት ብቻ ነው።

ጋዜጠኞችና አዘጋጆች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። «ሃይማኖትን ተሳደበ» ወይም «ደፈረ» የሚል ርእስ ከመጻፋችሁ በፊት ሰውዬው ምን እንዳለ፣ ምን እንደሣለ በቃሉ ጻፉ። ካደ ከሆነ ካደ፣ ተሳለቀ ከሆነ ተሳለቀ፣ ሰው ገድላችሁ ጣሉ ካለ ደግሞ ግደሉ አለ በሉ። እነዚህ በአማርኛ ለየብቻ ስም አላቸው።