ሁለት ሐይቆች፣ አንድ እሳት

ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲጓዙ ሐረ ሸይጣን ይገኛል። ክብ ነው፤ ጥልቅ ነው፤ ውኃው አረንጓዴ ነው። በስሙ ሰይጣንን ተሸክሟል።

ከወልቂጤ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ደግሞ ወሊሶ ላይ ወደ ሰሜን የታጠፈ ሰው ወንጪ ይደርሳል። ጠርዙ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። መንገደኛው በእግር ወይም በፈረስ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ የውኃውን ዳር ተከትሎ፣ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። በሐይቁ ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ።

የሥነ ምድር ሊቃውንት ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው ይላሉ። ሐረ ሸይጣን የቀለጠ አለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተከፈተ ጉድጓድ ነው፤ ወንጪ ደግሞ ውስጡን የተፋ ተራራ አናቱ ተደርምሶ የቀረ ገንዳ ነው።

ታዲያ አንዱ ለሰይጣን፣ ሌላው ለሰማዕት እንዴት ተሰጠ? ሕፃኑ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ጋን ውስጥ ተጥሎ መልአኩ ገብርኤል እሳቱን እንዳበረደላቸው ይተረካል። ወንጪም የበረደ ጋን ነው። የሐረ ሸይጣን ስም መፍላቱን ያስታውሳል፤ የወንጪው ቂርቆስ መብረዱን።

እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መረጣት። ሐረ ሸይጣንን ግን ብዙ መንገደኛ ሳያየው ያልፋል። በስሙ አንፍረድበት፤ ፍርሃትም የታሪክ መዝገብ ነው።