ጋዜጠኛና ምሁር በዲትሮይት ከተማ

አባቶቻችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ይላሉ። ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ በጎረቤት መካከል ሲሆን ሰውን ያቀያይማል፤ በመንግሥት መዝገብ ላይ የሰፈረ እንደ ሆነ ግን የሚጎዳው ብዙ ሺህ ሕዝብ ነው። ጋዜጠኞችና የዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች ተባብረው እንዲህ ያለውን ፍርድ እንዴት እንዳረሙት ለመረዳት፣ በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ የሆነውን እንመልከት።

ሐምሌ 16 ቀን 1959 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 23 ቀን 1967) ሌሊት፣ የከተማው ፖሊሶች በ12ኛው መንገድ ያለ ፈቃድ መጠጥ ወደሚሸጥበት አንድ ቤት ገቡ። በውስጡ የነበሩትን ጥቁር አሜሪካውያን ይዘው ሲያወጡ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ድንጋይ ተወረወረ፤ ሱቆች ተዘረፉ፤ እሳትም ከሰፈር ወደ ሰፈር ተዛመተ። የፌዴራል ጦር ገብቶ ጸጥታ እስኪመለስ ድረስ 43 ሰዎች ሞቱ፤ ከ7,000 የሚበልጡ ታሰሩ።

ከዚህ በኋላ «ይህን ያደረገው ማን ነው? ስለ ምንስ አደረገው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሁለት መልሶች በሰፊው ይነገሩ ነበር። አንዳንዶች፣ ሁከቱን ያነሡት ያልተማሩና ከኑሮ ደረጃ ሁሉ በታች የቀሩ ሰዎች ናቸው አሉ። ሌሎች ደግሞ፣ ከደቡብ አገር ፈልሰው የመጡ፣ የከተማ ኑሮ ያልለመዱ እንግዶች ናቸው አሉ። ሁለቱም አሳማኝ ይመስሉ ነበር፤ ነገር ግን የሰፈሩን ነዋሪዎች በሥርዓት የጠየቃቸው ገና አልነበረም።

ፊሊፕ ሜየር የተባለው ጋዜጠኛ በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ አንድ ዓመት ቆይቶ የኅብረተሰብ ጥናት ዘዴን ተምሮ ነበር። «ዲትሮይት ፍሪ ፕሬስ» የተባለውን ጋዜጣ እንዲረዳ በተላከ ጊዜ፣ የሚቺጋን ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች የነበሩትን ናታን ካፕላንንና ጆን ሮቢንሰንን የሥራው ተባባሪዎች አደረጋቸው።

የሥራውን አከፋፈል ልብ በሉ። ምሁራኑ ሚዛኑን አመጡ፤ ይኸውም ተጠያቂው በጠያቂው ፈቃድ ሳይሆን በእጣ መሰል ሥርዓት እንዲመረጥ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ እንዲቀርብ፣ መልሱም በኮምፒዩተር እንዲቆጠር ነው። ጋዜጠኞቹ ደግሞ ፍጥነትንና ሕዝብ የሚረዳውን ቋንቋ አመጡ። ከጥቁሮቹ ወገን የተመለመሉ ጠያቂዎች ሠልጥነው 437 ነዋሪዎችን አነጋገሩ። እንዲህ ያለ ጥናት ብዙ ጊዜ ዓመታት የሚፈጅ ሲሆን፣ የዚህ ውጤት ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጋዜጣ ወጣ።

ውጤቱ ሁለቱንም መልሶች አፈረሰ። ኮሌጅ የገቡት፣ ትምህርታቸውን ካቋረጡት ባላነሰ መጠን በሁከቱ ተካፍለው ተገኙ። በሰሜን ያደጉትም፣ በደቡብ ካደጉት ይልቅ ሦስት እጥፍ ያህል በሁከቱ ተሳትፈዋል። ነዋሪዎቹ አጥብቀው ያነሡት ብሶት የፖሊስ ጭካኔ፣ የቤት ጥበትና የሥራ እጦት ነበር። እንግዲህ ችግሩ የመጤዎች አለመልመድ ሳይሆን፣ አገሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የተሰማው በደል ነበር።

ጋዜጣው ስለ ሁከቱ ባቀረበው ዘገባ በ1960 ዓ.ም. የፑሊትዘርን ሽልማት ተቀበለ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቋቋሙት፣ በኢሊኖይ አገረ ገዥ በኦቶ ከርነር የሚመራው ኮሚሽንም በየካቲት ወር 1960 ዓ.ም. ሪፖርቱን ባወጣ ጊዜ፣ የሁከቱን ተካፋዮች ማንነት ሲገልጽ ከተጠቀመባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው የዲትሮይት ጥናት ነበር። ሆኖም ኮሚሽኑ ካቀረባቸው ሐሳቦች አብዛኞቹን ፕሬዚዳንቱ ሳይፈጽሙ ቀሩ።

ክቡራን አንባብያን፤ በመሥሪያ ቤት ለምትሠሩት ትምህርቱ ከዚህ ላይ ነው። በሽታው በሐሰት ስም ከተጠራ መድኃኒቱም ይሳሳታል፤ የመጤዎች ችግር ነው ተብሎ የሚመደብ ገንዘብ የፖሊስን በደል አያስቀርም። ምሁር ብቻውን ቢያውቅ እውቀቱ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ጋዜጠኛ ብቻውን ቢናገር የሰማውን ወሬ ሊያበዛ ይችላል። ሁለቱ ሲተባበሩ እውነቱ በጊዜው ከባለሥልጣኑ ጠረጴዛ ይደርሳል። ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ሥራ መሻገሩ ግን የጋዜጠኛውም የምሁሩም ፈንታ አይደለም፤ ብዕሩን በያዘው ሹም እጅ ነው።