እናትና አባታችሁ ዛሬ ከማን ጋር ሳቁ?



እ.ኤ.አ. በ1995 ህንዳዊው ሐኪም ዶ/ር ማዳን ካታሪያ በሙምባይ መናፈሻ ውስጥ በአምስት ሰዎች የሳቅ ክበብ ጀመረ። መጀመሪያ ተራ በተራ ቀልድ ይናገሩ ነበር። ቀልዱ ሲያልቅባቸው ክበቡ አልፈረሰም፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ በጥልቀት እየተነፈሱ ያለ ቀልድ መሳቅ ጀመሩ። ዛሬ ክበቦቹ በብዙ አገር አሉ፤ የዓለም የሳቅ ቀንም በየዓመቱ በሚያዝያ መጨረሻ ይከበራል። በእኛም አገር በላቸው ግርማ አዲስ አበባ ላይ የሳቅ ትምህርት ቤት ከፍቷል።

ቀልድ ቢያልቅም ሰው ለሰው መድኃኒት ነው። አያቶቻችን ይህን በቡና፣ በማኅበርና በእድር ያውቁታል። ከመሀል ከተማ ወደ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የገቡ ብዙ አዛውንቶች ግን ቤት አግኝተው የቡና ጎረቤታቸውን አጥተዋል። ብቸኝነት ደግሞ ለድብርት፣ ለልብ ሕመምና ለመርሳት በሽታ ያጋልጣል።

ስለዚህ በመጪው በዓል የብሎካችሁን አዛውንቶች ቡና ጥሩ፤ በየሳምንቱ የሚገናኙበትን ቀንም አብራችሁ ቁረጡ። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ወይም ሄርኒያ ያለባቸው ግን የሳቅ ስፖርት ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

«መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ዛሬስ ከማን ጋር ሳቁ?» ማለትንም አትርሱ።