ስሙ ቀረ፤ ፉርጎውስ?

«ለገሃር» የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ ትርጉሙም «ጣቢያው» ማለት ነው። ቃሉ በአዲስ አበባ ሰው አፍ ውሎ ሲያድር እንደ ለገጣፎና እንደ ለገዳዲ የወንዝ ስም እስኪመስል ድረስ አገርኛ ሆነ። ዛሬ «ለገሃር ጣቢያ» ስንል ጣቢያውን ሁለት ጊዜ መጥራታችን ነው። ሁለት ጊዜ የምንጠራው ጣቢያ ግን ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ባቡር ከሸኘ ዓመታት አልፈዋል።

ጎረቤቱ ሜክሲኮም እንዲሁ ነው። አደባባዩ ይህን ስም ያገኘው፣ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በያዘች ጊዜ የሜክሲኮ መንግሥት ወረራውን አላውቅም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ ስለነበረ ነው። በሜክሲኮ ከተማም በምድር ውስጥ ባቡር መስመር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለ፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። በእኛ በኩል መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር «ሜክሲኮ» የሚባል ጣቢያ ተከፈተ። ክቡ አደባባይ ግን ለዚሁ ባቡር መንገድ ሲባል ፈረሰ። ባቡሩ መጣ፤ አደባባዩ ሄደ፤ ስሙ ቀረ።

እንግዲህ ከልደታ እስከ ለገሃር ያለው ሠፈር ነገሩ ሄዶ ስሙ የሚቀርበት ሠፈር ነው ማለት ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ከምድር ባቡሩ ስም ብቻ ነው ሊተርፈን የሚገባው? ሰው የተጓዘባቸው፣ የተወለደባቸው፣ የተሰደደባቸው ፉርጎዎች ዕጣቸው ምን ይሁን? ቁራሌ ይጠራላቸው?

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኖ የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀመረ። በ1895 ሃዲዱ ሐረርን ትቶ ከተራራው ግርጌ፣ በኋላ ድሬዳዋ ከተባለው ቦታ ደረሰ። ወደ ሐረር መውጣት ገንዘብ ይበላል ተብሎ ነው አንዲት አዲስ ከተማ የተወለደችው። ወዲያው ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. በሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሥራው ቀጠለ፤ አዋሽን ተሻግሮ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ ወደ 784 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በጥቅምት 1923 ለንግሥ በዓሉ ሰሞን ቆመ። ኢጣልያኖች አንበሳውን ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። ነገር ተነቅሎ ሲሄድ ማልቀስ፣ ሲመለስ መደሰት ለዚህ ግቢ አዲስ አይደለም።

በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ነበር። መንገደኛው አዋሽ ላይ አንድ ሌሊት፣ ድሬዳዋ ላይ አንድ ሌሊት እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ሦስት ቀን ለዛሬ ሰው ብዙ ነው፤ በበቅሎና በግመል ሳምንታት ይጓዝ ለነበረው ግን ተአምር ነበር። ቡና በዚህ ወጣ፤ ጨርቅ፣ ጋዜጣ፣ ማተሚያ መኪና፣ ቆርቆሮ በዚህ ገባ። የአዲስ አበባ ቤት ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ሲሻገር ባቡሩ ድርሻ ነበረው።

እዚህ ላይ ወደ ፉርጎው እንግባ። ታሪካችን ስለ ባቡሩ ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ውሉ፣ ስለ ኩባንያውና ስለ ነገሥታቱ ነው የሚጽፈው። ፉርጎው ግን ሌላ መዝገብ ነው። ባቡሩ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው። በአንዱ ጥግ ለስላሳ ወንበር፣ በሌላው ጥግ ደረቅ ጣውላ። በአንድ ሞተር የሚጎተቱ፣ በአንድ ሰዓት የሚነሡና በአንድ ሰዓት የሚደርሱ ሰዎች በማዕረግ ተለያይተው ይቀመጣሉ። የኅብረተሰቡን አቀማመጥ በሥዕል አሳዩ ብንባል ከዚህ የተሻለ ሥዕል ከየት እናመጣለን? በሦስተኛው ማዕረግ ነጋዴዋ ከነሸቀጧ፣ ወታደሩ ከነጓዙ፣ ሥራ ፍለጋ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣው ወጣት ከነተስፋው ተቀምጧል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ በአንድ ጣውላ ላይ ተነጋግረዋል። የባቡሩ ሠራተኛም በፈረንሳይኛ እየታዘዘ፣ በራሱ ቋንቋ እየተቀለደ፣ በዚህች አገር ተደራጅተው ስለ ደመወዛቸው ከጠየቁት የመጀመሪያዎቹ ላብ አደሮች ውስጥ የሚቆጠር ነው።

ፉርጎው ክፉ ቀንም አይቷል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በ1969 እና በ1970 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ ባቡሩ የድልድዩን ኩርባ በፍጥነት ሲይዝ ከሃዲዱ ወጣና ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አገሪቱ በድርቅ በምትሰቃይበት ዓመት የሆነ ነገር በመሆኑ ከሌላው ሐዘን ጋር ተደባልቆ ቀረ። ለእነዚያ ሰዎች መታሰቢያ የሚሆን አንድ ፉርጎ፣ አንድ የጣውላ ወንበር እንኳ የት ሄደን እናያለን?

ባቡሩ ሲዳከም በአንድ ቀን አልሞተም። መኪና መንገዱ ተሻማው፤ መለዋወጫ ጠፋ፤ ሃዲዱ አረጀ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጠረፉ በኩል ከዚያ በኋላም እየተንፏቀቀ ቆይቷል። መስከረም 25 ቀን 2009 አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ለአሮጌዎቹ ፉርጎዎች የፍርድ ቀን ሆነ። የአሮጌው ሃዲድ ስፋት 1000 ሚሊ ሜትር፣ የአዲሱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ያቺ አንድ ክንድ የማትሻገር ገደል ናት። አሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሃዲድ ላይ ሊወጣ አይችልም። አዲሱ መስመርም ለገሃር አይገባም፤ መነሻው ከከተማው ዳር ነው። ፉርጎዎቹ መንገድም ቤትም የሌላቸው ሆኑ።

መንገድና ቤት የሌለው ብረት ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። በኪሎ ይመዘናል፤ ቀልጦ የአርማታ ብረት ይሆናል። መጀመሪያ የሚሄደው የነሐስ እጀታው ነው፤ ቀጥሎ የመዳብ ሽቦው፤ ከዚያ መስኮቱ። መስኮቱ ሲሄድ ዝናብ ይገባል፤ ዝናብ ሲገባ ጣውላው ይበሰብሳል፤ ጣውላው ሲበሰብስ «ይኸማ ቆሻሻ ነው» ይባላል። ቆሻሻ ነው ከተባለ በኋላ መሸጡ ቀላል ነው። ማለት ፉርጎ የሚሞተው በመጋዝ ሳይሆን በቸልታ ነው፤ መጋዙ የሚመጣው ለቀብሩ ብቻ ነው።

የተረፈ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተሠሩት ልዩ ፉርጎዎች፣ መኝታና የምግብ ክፍል ያላቸው፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላም በለገሃር ግቢ ተቆልፎባቸው ቆይተው ለጎብኚ ለመታየት በቅተዋል። በድሬዳዋም የባቡሩ አሮጌ ጋራዥ ከነማሽኖቹ ታሪክ ሆኖ ይጎበኛል። የእነዚህ መትረፍ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የንጉሡ ፉርጎ የተረፈው የንጉሥ ስለሆነ ነው፤ ቁልፍ ነበረው፤ ጠባቂ ነበረው። የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ቁልፍም ጠባቂም የለውም። ንጉሡ በዓመት ስንት ቀን በባቡር ሄዱ? ሕዝቡስ? ብዙ ሰው የተጓዘበት ቀልጦ፣ አንድ ሰው የተጓዘበት ብቻ ከቀረ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ «የዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያን በቬልቬት ወንበር ላይ እየተኙ ይጓዙ ነበር» ብሎ ቢጽፍ ይፈረድበታል እንዴ?

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ሦስት ምሳሌ ይበቃል።

አንደኛው ፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማቆሚያ ውል በኮምፒየኝ ጫካ በአንድ ፉርጎ ውስጥ ተፈረመ። በ1940 ሂትለር ያንኑ ፉርጎ ከነበረበት ሙዚየም አስወጥቶ ፈረንሳዮችን እዚያው ውስጥ የመሸነፊያ ውል አስፈረማቸው፤ ከዚያ ወደ በርሊን ወሰደው፤ በ1945 ጠፋ። ፈረንሳዮች ከጦርነቱ በኋላ ተመሳሳይ ፉርጎ ፈልገው፣ አድሰው በቦታው አቆሙት። ጠላት እንኳ ፉርጎ ምን ያህል ትዝታ እንደሚሸከም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ኪማ በተባለ ጣቢያ አንበሳ ሊያድን ፉርጎ ውስጥ ያደፈጠ ራያል የተባለ የፖሊስ ሹም እንቅልፍ ወሰደው፤ አንበሳው ገብቶ ጎትቶት ወጣ። ያ ፉርጎ በናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ተቀምጧል። አንድ ቅኝ ገዢ ለበላ አንበሳ ፉርጎ ከተጠበቀ፣ ለአዋሽ ሟቾች ምን ያንሳል?

ሦስተኛው ለእኛ በጣም ቅርብ ነው፤ ኤርትራ። የምጽዋ–አስመራ መስመር 118 ኪሎ ሜትር ነው። በጦርነቱ ዘመን ሃዲዱና የብረት አጋዳሚው ተነቅሎ ለምሽግ ዋለ። ከጦርነቱ በኋላ በጡረታ የተቀመጡ፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው ከምሽጉ ብረቱን እያወጡ መስመሩን መልሰው ዘረጉ። የእንፋሎት ሞተሮቹን፣ ሊቶሪናዋንና የጣውላ ወንበር ያላቸውን ፉርጎዎች በእጃቸው አደሱ። በ1995 ዓ.ም. ሥራው አስመራ ደረሰ። ከዚህ የምንማረው ገንዘብ ስለመኖሩ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ስለመጀመር ነው። ሽማግሌዎቹ ቢሞቱ ኖሮ ብረቱ ብረት ሆኖ ይቀር ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሕዝብ ዳቦ ሲፈልግ አሮጌ ፉርጎ መቀባት የጠገበ ሰው ወሬ ነው» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በቀልድ አናልፈውም። ነገር ግን አንድ ፉርጎ ቀልጦ ስንት ዳቦ ይሆናል? የብረቱ ዋጋ አንድ ጊዜ ተበልቶ ያልቃል። ከዚህም በላይ፣ ድሃ ታሪክ አያስፈልገውም የሚለው ሐሳብ ራሱ የሀብታም ሐሳብ ነው። ባለጸጋው ፎቶግራፉ፣ መዝገቡ፣ ሐውልቱ አለው። ድሃው የተቀመጠበት ጣውላ ብቻ ነው ያለው።

ሥራውም እንደሚፈራው አይደለም። ፉርጎን ለማዳን የመጀመሪያው እርምጃ ቀለም መቀባት ሳይሆን ከላይ ጣሪያ መሥራት ነው፤ ውሃ ከቆመ መበስበስ ይቆማል። ሁለተኛው መቁጠር ነው፤ ቁጥሩ፣ የሠሪው ሰሌዳ፣ እያንዳንዱ እጀታ ፎቶ ተነሥቶ ይመዝገብ። ሦስተኛው መፋቅ ነው፤ ከላይኛው ቀለም ሥር ያለው ቀለም የየዘመኑን አስተዳደር ይናገራል። የጎደለው በአዲስ ሲተካ አዲስ መሆኑ ይታወቅ፤ አሮጌ አስመስሎ መሥራት ታሪክ ላይ መዋሸት ነው። መሽከርከር ግድ አይደለም። በሃምሳ ሜትር ሃዲድ ላይ ቆሞ ሰው ገብቶ ቢቀመጥበት ይበቃል።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ለለገሃር አካባቢ 36 ሄክታር ያህል የሚሸፍን አዲስ የከተማ ዕቅድ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። ፎቁ ይሠራ፤ እሰየው። ግን በዚያ ሁሉ ሄክታር ውስጥ ለአንድ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ የሚሆን ሃምሳ ሜትር አይጠፋም። ከሜክሲኮ ማዶ የተግባረ እድ ልጆች ብየዳና የእንጨት ሥራ ይማራሉ። እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ ደብተርና የድምፅ መቅጃ አለን። የባቡሩ አረጋውያን፣ ማሽኒስቶች፣ ትኬት ቆራጮች፣ ሃዲድ ጠባቂዎች፣ ዛሬም በቂርቆስና በድሬዳዋ ሠፈሮች አሉ። የእኛ ትውልድ በዚያ ባቡር አልተሳፈረም፤ የተሳፈረውን ግን መጠየቅ ይችላል።

በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን አንድ የባቡር ሠራተኛ አግኝተን አንድ ፉርጎ እንዴት እንደሚጠገን፣ እነማን እንደተሳፈሩበት ብንጽፍ፣ ቢያንስ ብረቱ ሲድን የሚያስረዳው ቃል አብሮ ይድናል። ብረቱን ለማዳን ደግሞ የሚመለከታቸውን መጠየቅ ነው፤ በማመልከቻ፣ በስማችን፣ በፊርማችን። መልስ ባይሰጡ እንኳ የጠየቀ ነበር ይባላል።